ገመዱ ይላላ፦ ውሻን ሳይጓተቱ ይዞ የመውጣት ዘዴ

ጎጃም ውስጥ ውሻ ለጥበቃ ነው። ቀን ቀን በር ሥር ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ግቢውን ሲዞር ያድራል። አለቀ። ውሻን በገመድ ይዞ ለሽርሽር መውጣት ገና እየተለመደ ያለ ነገር ነው። ባህር ዳር ላይ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ብትሄዱ ይዘው የሚወጡ ልጆች ታያላችሁ፤ ደብረ ማርቆስም አልፎ አልፎ አይጠፉም። አብዛኞቹ ግን ሲጎተቱ ነው የምታዩዋቸው። ውሻው ፊት ፊት፣ ልጁ ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ ገመዱ ተወጥሮ ሊበጠስ። «አንተ ነህ እሱን ያወጣኸው ወይስ እሱ ነው አንተን ያወጣህ ጃል?» የሚል መንገደኛም አይታጣም።

መፍትሔ አለው። ጉልበት አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ገመድ መሪ አይደለም። ገመድ ለክፉ ቀን ነው፦ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍ፣ ድመት ከአጥር ዘላ ስትወርድ። በቀረው ጊዜ ሁሉ መሃሉ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ውሻው አጠገባችሁ የሚሄደው ገመዱ ስለያዘው ሳይሆን አጠገባችሁ መሆን ስለሚያዋጣው መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን ለማምጣት ነው።

ውሻ የሚጎትተው ጠግቦ ወይም ባለጌ ሆኖ አይደለም። አንደኛ፣ እርምጃው ከኛ ይፈጥናል፤ የኛ አካሄድ ለሱ መንቀርፈፍ ነው። ሁለተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ውሎ የአጥር ውጭ ሽታ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲመጣበት መቻል ያቅተዋል። ዋናው ግን ሦስተኛው ነው፦ መጎተት ይሠራለታል። ወደ ግንዱ ጎተተ፣ ተከተላችሁት፣ ደረሰ፣ አሸተተ። በሚቀጥለው ግንድም እንደዚያው። ስትመልሱት ደግሞ እሱም መልሶ ይስባል፣ ምክንያቱም ሲስቡት ወደ ተቃራኒው መደገፍ ልማዱ ነው። በዚህ ሁኔታ ዓመት ብትወጡ የምታስተምሩት መጎተትን ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ሰንሰለቱን ለግቢ ተዉት። ሰንሰለት በራሱ ክብደት ሁልጊዜ ወደ ታች ይስባል፣ ስለዚህ ውሻው መቼ እንደላላና መቼ እንደጠበቀ መለየት አይችልም። የአንገት ማሰሪያም ስልክ ቁጥራችሁን ለማንጠልጠል ጥሩ ነው፣ ለሚጎትት ውሻ ግን አይሆንም። ጉሮሮውን ያንቀዋል። ያ «ክህ ክህ» የሚለው ድምፅ እልህ አይደለም፣ የአየር ቧንቧው ሲጫን ነው። ሲጎተት የሚጠብቅ ሸምቀቆማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሚሻለው ሃርነስ የሚባለው የደረት ማሰሪያ ነው። ከፊት ሲያዩት የባላ ቅርጽ ያለውን ምረጡ፦ ሁለት ጠፍር ከትከሻ ወርዶ ደረት ላይ ይገጥምና አንዱ በሁለቱ የፊት እግሮች መሃል አልፎ ሆዱ ሥር ካለው ጋር ይያያዛል። ደረቱን ቀጥ ብሎ በአግድም የሚያቋርጠው ዓይነት ትከሻውን ስለሚይዝበት እርምጃው ይሰበራል። ርካሽ ነው ብላችሁ እሱን አትግዙ።

ልኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሰላችበት እዚህ ጋ ነው። ውሻው ቆሞ ሳለ ደረቱን በእጃችሁ ዳስሱት። ከአንገቱ ሥር ትንሽ ወጣ ያለች አጥንት ታገኛላችሁ። ፊት ያለው መጋጠሚያ እዚያች አጥንት ላይ ይረፍ፣ ከዚያ በላይ ወደ ጉሮሮ አይውጣ። የሆዱ ጠፍር ከፊት እግሩ ክርን ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይራቅ፤ ከቀረበ ብብቱን ይልጠዋል። በእያንዳንዱ ጠፍር ሥር ሁለት ጣት ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አስገቡ። በምቾት መግባት አለባቸው፣ መላ እጅ ከገባ ግን ላላ ማለት ነው። ከዚያ የማይረሳው ፈተና ይቀራል። ግቢ ውስጥ በሩ ተዘግቶ፣ ከፊቱ ሁናችሁ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ወደ እናንተ ያዙት፣ እሱ ወደ ኋላ ያፈግፍግ። ማሰሪያው በጆሮው በኩል ሾልኮ ከወጣ አስፋልት ላይ ሲደነግጥም እንደዚያው ይወጣል። አጥብቃችሁ እንደገና ሞክሩ። ቡችላ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ ልኩን እዩ፤ ባልጠበቃችሁት ፍጥነት ነው የሚጠብበት።

ለአንድ ሳምንት ከወጣችሁበት በኋላ ብብቱንና ደረቱን ጸጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጸጉር ከሳሳ ወይም ቆዳው ከቀላ ልኩ አልሆነም። ችላ ብላችሁ አትለፉት።

በአቅራቢያችሁ የሚሸጥ ካጣችሁ ማሰራት ይቻላል። ቦርሳ ሰፊ ጋ ሂዱ። የቦርሳ ማንገቻ የሚሆነው ጠንካራ ጠፍር አለው፤ ለመካከለኛ ውሻ ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል ስፋት ይበቃል። ልኩን በሲባጎ ውሰዱ፦ የአንገቱን ሥር ዙሪያ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከደረት አጥንቷ በእግሮቹ መሃል እስከ ሆዱ ጠፍር ያለውን። ሦስቱንም በየራሱ ሲባጎ፣ ጫፉን ቋጥራችሁ። ዘለበቱ እየጠበቀና እየላላ የሚስተካከል ይሁን። ቀለበቱ የተበየደ እንጂ ተቆልምሞ የተገጠመ አይሁን፣ ያ ሲሳብ ይከፈታል። ስፌቱን አንዴ ብቻ ደርበው ከሰጧችሁ መልሱላቸው፤ ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ይሰፋ፣ ከዚያ መሃሉን በመስቀለኛ። ብብት አካባቢ ውስጡን ለስላሳ ጨርቅ ያልብሱት። ሁለት ቀለበት ይኑረው፦ አንዱ ጀርባው ላይ፣ አንዱ ደረቱ ላይ። ኃይለኛ ለሚጎትት ውሻ ገመዱን ደረቱ ላይ ባለው እሰሩት፤ ሲስብ ፊቱ ወደ እናንተ ይዞራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ይህ ግን ማገዣ ነው፣ ትምህርቱን አይተካም።

ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል ይሁን። ከሳጥኑ እየወጣ ተጠቅልሎ የሚመለሰው ዓይነት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ሁልጊዜ ስለሚስብ ውሻው ላላ የሚባለውን ነገር አያውቀውም። ገመዱን መዳፋችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ ትልቅ ውሻ ድንገት ቢወረወር ጣት ይሰብራል። የገመዱን መያዣ ያዙ፣ ትርፉን እጥፍ እጥፍ አድርጋችሁ ጨብጡ።

አሁን ጉርሻው። ያለ ጉርሻ አይሆንም። የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ የሽምብራ ፍሬ ያህል ተደርጎ ተቆርጦ በትንሽ ዕቃ ይያዝ። ጥሬውን ግን አትስጡ። በጥሬ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻ ሲበላቸው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናሉ፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይገባና የሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ በደንብ ይቀቀል። ጾም ሆኖ ቤት ውስጥ ሥጋ ከሌለ ድንች አለን፣ በጎጃም ድንች አይታማም። ቀቅላችሁ ልጣችሁ ቆራርጡት። ደረቅ ዳቦም ይሆናል፣ ካሮትም የሚወድ አለ። የወጥ ትራፊ ግን ይቅር፦ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ በርበሬውና ጨውም አይበጀውም።

እንግዲህ እንጀምር፣ ግን ከመንገድ አይደለም።

መጀመሪያ ማሰሪያውን ቤት ውስጥ ይልመድ። መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ያሽትተው፣ ጉርሻ ይቅመስ። ከዚያ የአንገቱን ክፍተት በአንድ እጅ ክፈቱና ጉርሻውን በሌላው እጅ በማዶ ያዙለት። ራሱ ጭንቅላቱን ያስገባ። አትጫኑበት። ከጫናችሁበት በሚቀጥለው ቀን ማሰሪያውን ሲያይ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ሲለብሰው ምግቡን ስጡት፣ ይጫወት፣ ይውለቅ። እስኪረሳው ድረስ ጥቂት ቀን እንዲሁ ይሂድ።

ቀጥሎ ግቢ ውስጥ። ገመዱን እሰሩና ዝም ብላችሁ ቁሙ። ዞር ብሎ ሲያያችሁ «ጎበዝ» በሉና ጉርሻውን ከሱሪያችሁ ስፌት ጋር፣ ጭናችሁ አጠገብ ስጡት። ቦታው ወሳኝ ነው። የምታጎርሱበት ቦታ ነው ውሻው የሚሄድበት ቦታ። ፊት ለፊት ካጎረሳችሁት ፊታችሁ እየተደነቀረ ያደናቅፋችኋል። ሁለት እርምጃ ሂዱ፣ አጉርሱ። ሦስት ሂዱ፣ አጉርሱ። አምስት። ተመልሳችሁ ሁለት። መጀመሪያ ላይ ስስት አያስፈልግም፣ እንደ ሠርግ ቤት አብሉት።

ከዚያ ማቆም። ገመዱ ልክ እንደተወጠረ ቁሙ። አትመንጭቁት፣ አትቆጡት፣ ስሙንም ደጋግማችሁ አትጥሩት። ዝም። እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አስጠግታችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ ይስባል፣ ይንጫጫል፣ ደግሞ ይስባል። ከዚያ «ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?» ብሎ ዞር ይላል። በዚያች ቅጽበት ገመዱ ወደ መሬት ሲወርድ ታያላችሁ። «ጎበዝ»፣ ጉርሻ ጭን አጠገብ፣ ጉዞ። ፈጽሞ አልዞር ካለ እናንተ ዙሩና በመጣችሁበት ሂዱ፣ ሲደርስባችሁ አጉርሱት። የሚማረው ይሄን ነው፦ ገመዱ ሲወጠር መንገዱ ይዘጋል፣ ሲላላ ይከፈታል።

አንዱን ቀን ቆማችሁ አንዱን ቀን ቸኩላችሁ ከተጎተታችሁለት ግን ልፋታችሁ ገደል ገባ። እንዲያውም ይብሳል፣ «ዛሬ ይሠራ ይሆናል» ብሎ አጥብቆ ይሞክራል። በቸኮላችሁ ቀን ባታወጡት ይሻላል። ቤተሰቡም አንድ ዓይነት ይሁን፤ አባት እያቆመ ልጅ እየተጎተተ አይሆንም።

በሩ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ብዙ ሰው መንገድ ላይ ሲጎተት የሚውለው በሩ ላይ ስለተሸነፈ ነው። የቆርቆሮ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጉ። ከተወረወረ ቀስ ብላችሁ መልሳችሁ ዝጉ፣ አፍንጫውን እንዳታገኙት እየተጠነቀቃችሁ። ደግማችሁ ክፈቱ። ቆሞ ሲያያችሁ «እንሂድ» በሉና ውጡ። እናንተ አስቀድማችሁ ውጡ ወይስ እሱ የሚለው ክርክር ለኔ ፋይዳ የለውም። ረግቶ ይውጣ ብቻ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጎረቤት በር አትራቁ። ርቀት ዓላማ አይደለም። ቀኑን ታስሮ ለዋለ ውሻ አንድ የአጥር ጥግ ማሽተት ትልቅ ነገር ነው፣ ጋዜጣው እሱ ነው። ገመዱ ላልቶ ጥቂት እርምጃ ከሄደላችሁ «ሂድ አሽት» ብላችሁ ወደ ግንዱ ልቀቁት፣ ደስ እስኪለው ይቆይ። ይህ ከጉበት የማይተናነስ ጉርሻ ነው፣ ወጪም የለውም። ደቂቃ ቆጥሮ ውሻውን እያሯሯጠ የሚመለስ ሰው ለምን እንደወጣ አይገባኝም።

መንገድ ላይ የሚገጥማችሁን ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት። ባህር ዳር ከሆናችሁ ባጃጅና ብስክሌት። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ በገበያ ቀን በግና አህያ ነው የሚበዛው። እንጅባራ ያላችሁ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ውሻውን ቤት አስቀሩት፣ በዚያ ሁሉ ፈረስ መሃል የሚማረው ነገር የለም። መላው አንድ ነው፦ ርቀት። ባጃጅ ሲያይ የሚደነግጥ ወይም የሚያሳድድ ውሻ ከሆነ ከአስፋልቱ ራቅ ብላችሁ፣ አይቶት ግን ሳይደነብር በሚችልበት ቦታ ቁሙ። ባጃጅ መጣ፣ ጉርሻ። ሄደ፣ ጉርሻው ቆመ። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ቀረብ በሉ። አልበላ ካለ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

የሰፈር ውሾች ዋናው ራስ ምታት ናቸው። ከሩቅ ስታዩዋቸው መጀመሪያ የራሳችሁን እጅ ተመልከቱ። ሳታውቁት ገመዱን አሳጥራችሁት ታገኛላችሁ፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። ያ ውጥረት በገመዱ ወደ ውሻችሁ ይደርሳል፤ እሱም «አሃ፣ የሚያሰጋ ነገር አለ» ይላል። ላላ አድርጉ፣ በሰፊው ዙሩ፣ ፊት ለፊት አትሂዱባቸው። ጭራ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሰውነት ደርቆ፣ ዓይን ከተተከለ ነገሩ ጥሩ አይደለም። ከቀረቡ አንድ እፍኝ ጉርሻ ወደ እነሱ በትናችሁ በሌላ አቅጣጫ ሂዱ። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ብቻ እንደሚያባርራቸው ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል፤ መወርወር አያስፈልግም፣ ውሻችሁም አብሮ ይደነግጣል። አትሩጡ።

ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ውሻ የሚፈራ ብዙ ነው፣ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ያየ አገር ነን። ጠዋት ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት ሲመጡ «አይዞዎት እማማ፣ ይዤዋለሁ» በሉና መንገዱን ተሻግራችሁ አሳልፏቸው። ወደ መስጊድ የሚሄድም የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም። «አይነክስም» ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ ማራቅ ነው የሚጠቅመው። ልጆች «ቡቺ! ቡቺ!» እያሉ ከበው ሲመጡ ደግሞ ውሻውን ከኋላችሁ አድርጉና አንዱን «አንተ ጎበዝ፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩ ጠብቅልኝ» በሉት። ኃላፊነት የተሰጠው ልጅ ከማንም በላይ ይጠብቅላችኋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ባህር ዳር መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ረፋዱ ሲገፋ አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥለዋል። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፉ። ሰባት እስክትቆጥሩ መቆየት ካልቻላችሁ እሱም አይችልም። ጠዋት ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ውጡ። በጣም ጨለማ ግን አይሁን፤ ከከተማ ዳር ጅብ አለ፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ጉማሬ ጋ ገመድ አይረዳም።

ክትባት ሳይከተብ የሚወጣ ውሻ አይኑር። የእብድ ውሻ ክትባት ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይደገማል፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት በሽታ ቡችላ ይፈጃልና የቡችላነት ክትባቱ ሳያልቅ የሌላ ውሻ ዓይነ ምድር ባለበት መሬት አታውርዱት፤ እስከዚያ አቅፋችሁ መንገዱን አሳዩት። ማንም ሰው ውሻ ቢነክሰው፣ ጭረትም ቢሆን፣ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይኬድ። «ምልክት ካየሁ እሄዳለሁ» አይባልም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ስትመለሱ ውኃ ስጡት፣ ማሰሪያውን አውልቁለት። ለብሶት አይደር፤ ግቢ ውስጥ ከእንጨት ጋር ሊያያዝበት ይችላል። ሣር ውስጥ ከገባ መዥገር ፈልጉ፦ ጆሮው ሥር፣ ብብቱ፣ ጣቶቹ መሃል፣ ማሰሪያው በተኛበት መስመር። ስታወጡት በወረንጦ ከቆዳው ሥር ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ በጣታችሁ አታፍርጡት። በክረምት ጭቃ ከሆነ ማሰሪያውን በሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት፤ የደረቀ ጭቃ ጠፍሩ ላይ ከቀረ ቆዳውን ይፍቃል። ቆዳ ከሆነ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ስፌቱንና ዘለበቱን አንዴ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እዩ፣ ክር የተፈታበት ካለ ነገ ሳትወጡ በፊት ይሰፋ።